ያውቁ ኖሯል? የገለጉ ጎርፍ እና የካርቱሙ የጀልባ ክለብ

ቆላ ላይ «ክለብ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው እግር ኳስ ነው። ሁለተኛውን አንጽፈውም። የዛሬው ክለብ ከሁለቱም አይደለም። ጀልባ ላይ ሸራ ወጥረው ከነፋስ ጋር የሚታገሉ ሰዎች ክለብ ነው፤ መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ ከገለጉ ውሃ ተከትሎ ለሚወርድ መንገደኛ ከመንገዱ ዳር የሚገኝ። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ገለጉ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በስሟ የሚጠራ ወንዝም አለ። ወንዙ ድንበሩን ተሻግሮ ከደንደር ጋር ይገናኛል። ደንደር ወርዶ ከጥቁር አባይ ይቀላቀላል። ጥቁር አባይ ደግሞ ካርቱም ሲደርስ፣ ከነጭ አባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት፣ በብሉ ናይል የሸራ ጀልባ ክለብ ደጅ ያልፋል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ገለጉ የወረደ ዝናብ መሬቱ ካልጠጣው፣ ፀሐይም ካልቀማችው፣ ከቀናት በኋላ የክለቡን ጀልባዎች ያወዛውዛል።

ያውቁ ኖሯል? ይህ ውሃ ካርቱም እስኪደርስ አንድም ትልቅ የአባይ ግድብ አይዘው። ሕዳሴ ከላይ ነው፤ በ1966 የተጠናቀቀው ሮዛሪስም፣ በ1925 የተጠናቀቀው ሰናርም ደንደር ከአባይ ከሚገባበት ቦታ በላይ ናቸው። ስለ አባይ ውሃ ሲወራ ግድብና ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ብቻ ይነሳል፤ ደንደርና ሽንፋን የሚያነሳ ስንት ነው? ሽንፋ ድንበሩን ካለፈ በኋላ ራሃድ ይባላል። እሱም ከሰናር በታች፣ ዋድ መዳኒ ላይ አባይን ያገኛል።

ጓንግ ወንዝስ? ጓንግ ክለቡን አያውቀውም። ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ በራሱ መንገድ ይነጉድና፣ ካርቱምን ትቶ፣ ወደ ሰሜን ርቆ አባይን ያገኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ወደ አባይ የሚገባ ሌላ ወንዝ የለም። የመጨረሻው ገባር የእኛው ጓንግ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ክለቡ ቤት እንግባ።

ያውቁ ኖሯል? የክለቡ ቤት ከድንጋይም ከጡብም አልተሠራም። ቤቱ ራሱ ጀልባ ነው፤ ያውም የጦር ጀልባ። ስሟ መሊክ። ከ1926 ጀምሮ የክለቡ ማረፊያ ሆናለች። መድፍ ይጮህበት በነበረው ወለል ላይ አባላቱ ወንበር ዘርግተው ሻይ ጠጥተዋል፤ እንግሊዞች ስለነበሩ ሻይ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይመን።

መሊክ በዓረብኛ ንጉሥ ማለት ነው። ቃሉ ለግእዝ ባዳ አይደለም፤ አምላክንና መለኮትን ያስገኘው ሥር አንድ ነው። አብረዋት የተሠሩት ሁለቱ እህቶቿ ሱልጣን እና ሼክ ይባሉ ነበር። ንጉሥ፣ ሱልጣንና ሼክ ተብለው በአንስታይ ጾታ መጠራታቸው ለእኛም ለሰዋስውም ትንሽ ይከብዳል፤ ጀልባ ስለሆኑ ይለፍ።

ያውቁ ኖሯል? መሊክ የተወለደችው ለንደን ነው። ቺዝዊክ በተባለው ሰፈር፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቶርኒክሮፍት የተባለው የመርከብ ሠሪ ኩባንያ በ1896 ሠራት። አባይ ግን ፏፏቴና አለት የበዛበት ወንዝ ነው፤ ከባሕር ተነስቶ እየቀዘፉ ካርቱም መድረስ የለም። ስለዚህ ገጣጥመው ሞከሯት፣ መልሰው ፈቷት፣ በመርከብ ግብፅ አደረሷት፣ ከዚያ በባቡር በረሃውን አሻግረው በርበር አካባቢ አባዲያ በተባለ ቦታ እንደገና ገጣጠሟት። የብረት ጀልባ በባቡር ተሳፍራ በረሃ ስታቋርጥ ያየ የዚያ አገር ግመል ነጂ ምን እንዳለ ታሪክ አልመዘገበም። ይቆጫል።

ታሪኩ ሩቅ ከመሰለዎት ባሕር ዳርን ይጠይቁ። «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው ጀልባ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ አፋርን አቋርጣ፣ ተራራ ወጥታና ቁልቁለት ወርዳ ነው ጣና የደረሰችው። ያቺ ግን ሳትፈታ ነው የተጓዘችው፤ መንገዱ እስኪጠብ፣ የአገሩ ልጅ ሁሉ ወጥቶ እስኪያያት።

ያውቁ ኖሯል? አባዲያ የአትባራ ወንዝ ከሚገባበት በታች ነው። እንግዲህ መሊክ አፍሪካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በተንሳፈፈችበት ውሃ ውስጥ ጓንግም ነበረበት። ወደ ካርቱም ሽቅብ ስትሄድ ደግሞ ሰበሉቃ የተባለው ስድስተኛው የአባይ አለታማ መተላለፊያ ገጠማት። ያን ለማለፍ ወንዙ መሙላት ነበረበት፤ በሱዳን ደርቡሾች (ማህዲስቶች) ላይ የተነሳው የእንግሊዝና የግብፅ ዘመቻ ለክረምት መጨረሻ የተቀጠረውም ለዚህ ነው። የዘመቻው አዛዥ ጄኔራል ኪችነር የጠበቀው የእኛን ክረምት ነበር። ቋራ፣ ጎጃምና ወለጋ ላይ ደመና ባይከብድ ኖሮ ጀልባዎቹ ከአለቱ በታች በቀሩ።

አሠራሯ ራሱ የሚደነቅ ነው። ርዝመቷ ወደ 44 ሜትር ነው፤ የመርከብ ያህል። ከውሃ በታች የሚገባው አካሏ ግን ከጉልበት ብዙም አይዘልም፤ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። እንዴት? ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። ውሃ የሚገፉት ሁለት መዘውሮች ከሆዷ በታች ተንጠልጥለው አሸዋ እንዳይጭሩ፣ የሆዷ ብረት ወደ ውስጥ እንደ ቦይ ጎድጎድ ተደርጎ እዚያ ውስጥ ተቀመጡ። ሲዞሩ ውሃውን ወደ ቦዩ ስበው ወደ ኋላ ይተፉታል። የጣና ታንኳ ሠሪ ይህን ቢሰማ አይገረምም፤ ታንኳውም ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው ደንገል መሀል፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ እንዲሄድ ነው። ልዩነቱ፣ ታንኳ ላይ መድፍ የለም።

መሊክ ላይ ነበረ። መድፍም፣ ማክሲም መትረየስም።

ያውቁ ኖሯል? መሊክ የተኮሰችባቸው ደርቡሾች ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበትን ጦርነት የተዋጋው መንግሥት ሠራዊት ነበሩ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱ አረፉ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ያጋደለ መስሎ ሳለ ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ደርቡሾች አስከሬኑን ማርከው ራሱን ወደ ኦምዱርማን ወሰዱ። ከተማዋ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባለው ለዚህ ነው። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ተኩል አለፈ። መስከረም 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን ዳርቻ መሊክና ባልንጀሮቿ ከወንዙ ላይ እየተኮሱ፣ እግረኛው ከምድር እየተኮሰ፣ በአንድ ጥዋት ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ረገፈ። ከእንግሊዝና ግብፅ ወገን የሞተው ሃምሳ ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ውጊያ ጦርነት ማለት ይከብዳል።

የመሊክ አዛዥ ሻለቃ ጎርደን ይባል ነበር። ስሙ የሚያውቁት ከመሰለዎት አልተሳሳቱም፤ በ1885 ካርቱም ላይ በማህዲስቶች የተገደለው የጄኔራል ጎርደን የወንድም ልጅ ነው። ደም መላሽ በጀልባ መጣ። በእኛ አገር ቢሆን በቅሎ ይበቃው ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ኦምዱርማን ላይ ከፈረሰኞቹ መካከል ዊንስተን ቸርችል የሚባል የ23 ዓመት መኮንን ነበረ። በውጊያው ዋዜማ ወንዙ ዳር ሲሄድ፣ ከአንዷ የጦር ጀልባ ላይ ያሉ የባሕር ኃይል መኮንኖች ሻምፓኝ ጠርሙስ ወረወሩለት። ጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ ቸርችል እስከ ጉልበቱ ገብቶ አወጣው። ወርዋሪው ዴቪድ ቢቲ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የበላይ ሆነ፤ የወጣውን ጠርሙስ የያዘው ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር። አባይ ዳር የተጣለ ነገር ሁሉ አይጠፋም።

መሊክ በ1939 ለእይታ በበቃው «አራቱ ላባዎች» በተባለው የእንግሊዝ ፊልም ላይም አለች። በተዋናይነት ግን አልተከፈላትም።

ያውቁ ኖሯል? መሊክ ዛሬ ውሃ ላይ አይደለችም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣው ትልቅ ጎርፍ ከነበረችበት አንስቶ ዳርቻው ላይ አስቀመጣት፤ ሲጎድል ትቷት ሄደ። ከለንደን ድረስ በመርከብና በባቡር ለመጣችው ጀልባ የመጨረሻ ቦታዋን የወሰነላት ጎርፍ ነው። በዚያ ጎርፍ ውስጥ የሽንፋና የደንደር ድርሻ ስንት እንደነበር አናውቅም፤ አልነበሩበትም የሚል ግን ካርታ አላየም።

የሚያስታውስ የመተማ ሰው ካለ እነሆ፦ ከካይሮ ተነስተው በመኪና፣ በሞተር ወይም በብስክሌት ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ የሚጓዙ ፈረንጆች ካርቱም ሲደርሱ ድንኳን የሚተክሉት ብዙውን ጊዜ በዚያ ክለብ ግቢ ነበር። መሊክ ሥር ያድራሉ፤ ከዚያ በገዳሪፍ አድርገው ገላባት፣ ድልድዩን ተሻግረው መተማ፣ ከዚያ ጎንደር። አቧራ ለብሰው መተማ ላይ ቡና የሚጠይቁት እነዚያ ፀጉራም ልጆች ብዙዎቹ ከጦር ጀልባ ጎን አድረው የመጡ ነበሩ።

ቋራን አነሳን። የቋራውን ሰው ሳናነሳ እንዴት እናልፋለን?

ያውቁ ኖሯል? ዐፄ ቴዎድሮስ ጀልባ ሠርተው ነበር። ያውም የእንፋሎት መርከብ የሚመስል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቴዎድሮስ፣ ያኔ ካሣ ኃይሉ፣ ገና የቋራ ሽፍታና አለቃ ሳሉ በ1848 ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። የእርሳቸው ሰዎች ጀግኖች ነበሩ፤ የግብፆቹ መድፍ ግን ጀግንነት አይለይም። ተሸነፉ። ካሣ ያን ቀን የተማሩትን አልረሱም፤ ሥርዓት ያለው ጦርና መድፍ አእምሯቸው ውስጥ ቀረ። ጋፋት ላይ መድፍ ማሠራታቸው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ መቅደላ ድረስ ማስጎተታቸው የዚያ ትምህርት ልጆች ናቸው። በ1866 ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ሰፍረው ሳሉ ደግሞ ዓይናቸው ውሃው ላይ አረፈ። ደንገል በብዛት አስጭደው ከተለመደው ታንኳ እጅግ የሚበልጡ ጀልባዎች አስሠሩ። በላዩ ጣውላ አስነጠፉ። ግራና ቀኝ እንደ እንፋሎት መርከብ መንኮራኩር አስገጠሙ። እንፋሎት አልነበረም፤ መንኮራኩሩን የሚያዞረው የሰው እጅ ነበር። ይህን ያየው ያኔ በእስር አፋፍ ላይ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ነው፤ በኋላ ጻፈው።

በየትኛው መርከብ ተማሩ? ቴዎድሮስ ባሕር አይተው አያውቁም። የሰሙትንና የተረዱትን በአገሩ እቃ ለማድረግ ሞከሩ፤ ብረት በሌለበት ደንገል፣ ከሰል በሌለበት ክንድ። መድፉም ጀልባውም ያው ሐሳብ ነው። እኔ ብጠየቅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመርከብ መሐንዲስ ቋራ ተወለደ እላለሁ።

ብላንክ ከመልእክተኛው ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር የመጣው በየት ይመስልዎታል? በመተማ። የእንግሊዝ መልእክተኞቹ በኅዳር 1865 መተማ ገብተው ፈቃድ እስኪመጣ ጠበቁ። ቀጥለው ጣና ደረሱ፤ ሐይቁንም በታንኳ ተሻገሩ። የብረት መርከብ የለመዱ ሰዎች እግራቸው ሥር ውሃ በሚያፈስ ደንገል ላይ መቀመጥ ጭንቅ ሆነባቸው።

ደንገል ውሃ የሚያፈሰው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ታንኳ ውሃ አይከለክልም፤ ውሃ ይገባል፣ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው በአገዳው ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ስለዚህ ታንኳ አይሰጥምም ማለት ይቀርባል፤ ግን እየጠጣ ይከብዳል። ለዚህ ነው ቀዛፊው ማታ ዳር አውጥቶ አቁሞ የሚያደርቀው። ይህን ጥበብ በዋናነት ጠብቀው ያቆዩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል! ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ፣ ግብፅ ውስጥ በቂ ደንገል አጣ። ያገኘው ከጣና ነው። በ1969 «ራ» የተባለችው ጀልባ ከሞሮኮ ተነሳች፤ የሠሯት የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ሄዳ ከመድረሻዋ ሳትርቅ ጅራቷ ውሃ ጠጥቶ ተበላሸ። ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም። በ1970 «ራ ሁለት» በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች እጅ ተሠራች፤ ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ። በ57 ቀን፣ 6,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ባርባዶስ ደረሰች። የዓለም ትልልቅ የሸራ ጀልባ ክለቦች በፋይበርና በካርቦን ይኮራሉ፤ ከእነሱ ማንም ግን ከጣና ዳር የተጨደ ሣር ይዞ እንዲህ አልሄደም።

ስለ ሌሎቹ የሸራ ጀልባ ክለቦች ፈጠን ብለን ትንሽ እናውራ።

የመዝናኛ ጀልባ መጠሪያ የሆነው «ያት» የሚለው ቃል የመጣው ከሆላንድኛ ነው፤ ትርጉሙ አደን። ጀልባዎቹ መጀመሪያ ፈጣን አሳዳጆች ነበሩ።

ታላቁ ጴጥሮስ በ1718 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ለከተማው ሰው ጀልባ አድሎ በየጊዜው ወጥቶ እንዲቀዝፍ በትእዛዝ አስገደደ። ግዴታ መዝናናት! የአየርላንዱ የኮርክ ክለብ ደግሞ ልደቱን ከ1720 ይቆጥራል፤ ሁለቱ አንጋፋው እኔ ነኝ እኔ ነኝ ይባባላሉ። 

የኒው ዮርክ ክለብ በ1844 ተቋቋመ። በ1851 እንግሊዝ ሄዶ ያሸነፈውን ዋንጫ 132 ዓመት ማንም አልነጠቀውም። በ1983 አውስትራሊያውያን ወሰዱት።

ወደ ጓንግ እንመለስ፤ እዚያ የሚያስቅ ነገር አለ።

ያውቁ ኖሯል? እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ኋላ ካገባት ከፍሎረንስ ጋር በ1861 አትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር፤ ጓንግ ማለት ነው፣ ከታች በኩል። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ሆኗል። እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቷል፤ በኩሬው ውስጥ አዞና ጉማሬ ተጨናንቀው። ሰኔ 23 ሌሊት ሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ደመና የለም። ሰዎቹ ወንዙ መጣ እያሉ እየጮሁ ከአሸዋው ላይ ሮጡ። ሲነጋ ቤከር ያየው 450 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ሜትር የሚጠልቅ ወንዝ ነበር። ዝናብ እዚያ ጠብ አላለም። የዘነበው እዚህ ነው፤ ከጎንደር ደጋ እስከ መተማ ቆላ። ለቆላ ሰው ይህ ዜና አይደለም፤ ጎርፍ ያለ ደመና እንደሚመጣ እናቱ ገና በልጅነቱ አስጠንቅቃዋለች። ቤከር ግን ያን ጊዜ ነው የግብፅን ጥቁር አፈር የሚያመጣው ማን እንደሆነ በዓይኑ ያየው።

ከዚያ ወንዙን መሻገር ነበረበት። ጀልባ የለም። የያዘው ምንድን ነው? ትልቅ ክብ የገላ መታጠቢያ ሳህን! ሱዳኖቹ አንገረብ የሚሉትን የጠፍር አልጋ አጋድሞ፣ ከሥሩ የተነፉ ቆዳዎች አስሮ፣ ሳህኑን በላዩ አስቀመጠ። ዋናተኞች እየጎተቱ ዕቃው ተሻገረ። የጓንግ የመጀመሪያው «የመዝናኛ ጀልባ» የቤከር መታጠቢያ ነው ብንል ማን ይከራከረናል? ሰውዬው መተማንም፣ ራሃድንም፣ ደንደርንም አይቷል፤ መጽሐፉ በ1867 ወጣ።

ተጓዡ ጄምስ ብሩስስ? እሱ ከቤከር 89 ዓመት ቀድሞ፣ በ1772፣ ከጎንደር ሲመለስ በዚሁ ቆላ አድርጎ ወደ ሰናር ወረደ። ያኔ አካባቢው ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ በዓረብኛ «የዝሆን ራስ»። ጎንደር ቤተ መንግሥት የራስ አል ፊልን ሹመት ለብሩስ ሰጥቶት ነበር። እስኮትላንዳዊ የመተማ ሹም!

ያውቁ ኖሯል? ኢትዮጵያ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ የምትገናኝበት ወደብ ነበራት። ጋምቤላ። በ1902 ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቡ ከካርቱም ይመጣል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። በጋ ሲሆን ይቆማል። ሱዳን ነፃ ስትወጣ በ1956 ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ባሮ ሌላም ጀልባ ያውቃል። ፈረንሳዊው ማርሻን በ1898 ነጭ አባይ ዳር፣ ፋሾዳ ላይ ከኪችነር ጋር ተፋጦ፣ አገሩ ልቀቅ ስትለው፣ በግብፅ በኩል መመለስን ናቀ። ፌዴርብ በተባለች ትንሽ የእንፋሎት ጀልባው ሶባትንና ባሮን ሽቅብ ሄደ። ወንዙ አልሄድም ሲለው ጀልባዋን ትቶ በእግርና በበቅሎ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ጅቡቲ። ፌዴርብም ልክ እንደ መሊክ ተፈትታ፣ በሰው ጉልበት ከኮንጎ በኩል ተጎትታ ነበር አባይ ተፋሰስ የደረሰችው። አንዷ ክለብ ሆነች፤ ሌላዋ ባሮ ላይ ቀረች። ከማርሻን ቀድሞ ደግሞ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር በሰኔ 1898 ነጭ አባይ ዳር ደርሶ የኢትዮጵያን ባንዲራ ተክሎ ተመልሷል፤ ያለ ጀልባ።

ጀልባ ይዘው የመጡት ሁሉም አልቀናቸውም። አሜሪካዊው ማክሚላን በ1903 አባይን ከላይ ወደ ታች ለመውረድ የብረት ጀልባዎች አስጭኖ መጣ። ብዙም ሳይሄድ ወንዙ ሰባበራቸው። በ1968 ብላሽፎርድ ስኔል የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፍላጎት የጎማ ጀልባ ይዞ መጣ፤ አባይ ላይ የጎማ ጀልባ ቀላል መሆኑ ጠቀመው፣ ጉዞው ግን የሰው ሕይወት አስከፍሏል። ሙሉውን ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን መጀመሪያ የወረዱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ናቸው፤ ከታኅሣሥ 2003 እስከ ሚያዝያ 2004፣ 114 ቀን። እነሱም በካርቱም፣ በክለቡ ደጅ አልፈዋል፤ ሌላ መንገድ የለም።

ባሕር ኃይላችንን ለመንካት ያህል፦ ምጽዋ ላይ የነበረው ትልቁ መርከብ «ኢትዮጵያ» የሚባለው ቀድሞ «ኦርካ» የተባለ የአሜሪካ መርከብ ነበር፤ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የሚያገለግል። በ1962 ተሰጠን። እስከ 1991 ቆየ፤ መጨረሻው የመን ወደብ ላይ ተሸጦ ብረት መሆን ሆነ።

ያውቁ ኖሯል? ገለጉ የሚለው ስም ድንበር ላይ አይቆምም። በ1935 የተቋቋመው የሱዳኑ የደንደር ብሔራዊ ፓርክ ዋና ሰፈር ገለጉ ነው የሚባለው፤ ወንዙን ተከትሎ። በእኛ በኩል ደግሞ አላጥሽ ፓርክ አለ፤ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ። በ2016 ተመራማሪዎች ካሜራ አጥምደው እዚያ አንበሳ አነሡ፤ የውጭ ጋዜጦች «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ብለው ጻፉ። የቋራ እረኛ ያን ርዕስ ቢያነብ ያልታወቁት ለማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።

ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጀምሮ ካርቱም በጦርነት ተመታች። ሰው ወንዙን ተቃርኖ ሽቅብ መጣ፤ ብዙው በገላባት በኩል መተማ ገባ፣ ኩመርና አውላላ መጠለያ ተከፈተ። ከመጡት መካከል ሻንጣውን ይዞ የገባ የከተማ ሰው ነበረ፣ ቤቱ ጥቁር አባይ ዳር የነበረ። ውሃው ቁልቁል፣ ሰው ሽቅብ።

የመጨረሻው፦ ደንደር የሰኔ ዝናብ ሲጠነክር ይነሳል፣ መኸር ካለፈ በኋላ ይቆማል። በጋ ላይ የሚቀረው በአሸዋው መሀል የተጠራቀመ ኩሬ ነው፤ ዓሣውም አዞውም እዚያ ይጠብቃል። ጓንግም እንዲሁ ይሳሳል፣ ሽንፋም። ገለጉ ላይ ሰሊጡ ተጭዶ፣ ነዶው በሂላ ቆሞ፣ ወቅታዊ ሠራተኛው ሳሉግ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ደጋ ሲመለስ፣ ወንዙን በጫማው ይሻገራል።